ሳትበላ ትሩጥ

ከፋሲካ በኋላ በሁለተኛው ቅዳሜ ልጄ ማንጠግቦሽ ከአርብ ገበያ ስትመጣ፣ የላክሁላት በሶ እንዳለ ተመልሶ መጣ። የከረጢቱ አፍ ላይ ያሰርሁት ክር እንኳ አልተነካም። እኔ ስንቅ የማስረው ሁለት ዙር አዙሬ በአንድ ቋጠሮ ነው። እሷ ብትፈታው ኖሮ ቋጠሮው የእሷ ይሆን ነበር።

ማንጠግቦሽ አርብ ገበያ ከጓደኛዋ ከመስከረም ጋር ቤት ተከራይታ ዘጠነኛ ክፍል ትማራለች። ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ተኩል በእግሯ ተጉዛ ትመጣለች፤ እሑድ የሳምንት ስንቋን ይዛ ትመለሳለች።

"ይኼ ምንድን ነው ማንጤ?" አልኋት።

"አልራበኝም።"

"ሳምንት ሙሉ?"

"ዳቦውን በላሁ እኮ እማዬ።"

ዳቦው ከበሶው ሥር ነበረ። ሻግቷል።

ምሳ አቀረብሁ፤ ቅቤ የገባበት ሽሮ፣ ከጎኑም አይብ። ማንጠግቦሽ ጣት የምታህል እንጀራ ቆረሰችና በእጇ እያገላበጠች ተቀመጠች። ባለቤቴ ደምሌ አያት አያትና፣

"ምነው፣ ጾም ገባ እንዴ? ቄሱ ለአንቺ ብቻ ነው የነገሩሽ?" አላት።

"ስእለት አለብኝ።"

"በበዓለ ሃምሳ? ረቡዕና ዓርብ እንኳ በሚበላበት? የትኛው ታቦት ነው እንዲህ ያለ ስእለት የሚቀበል?"

እሱ ቀልዱን ነው። የእኔ ልብ ግን ስንጥቅ አለ። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳትቀምስ ስትውል ኮርቼባት ነበር። በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ለሴቶቹ ሁሉ፣ "የኔዋ ከቄሶቹ እኩል ትጾማለች" ብዬ አውርቻለሁ። ለካ ልጄ የያዘችው ጾም አልነበረም። ጾሙ ሲፈታ እሷ አልፈታችም።

እሑድ ጠዋት ልብስ ስትቀይር ጀርባዋን አየሁት። ድሮም ቀጭን ናት፤ ሯጭ ወፍራም አይሆንም። ይኼ ግን ሌላ ነው። የትከሻዋ አጥንት ቆዳውን ሊቀድ የደረሰ ይመስላል። ክንዷ ላይ እንደ ሕፃን ያለ ስስ ጸጉር በቅሏል። እንዲህ ያለ ገላ ያየሁት በሰባ ሰባቱ ረሃብ ነው። ያን ጊዜ ልጅ ነበርሁ፤ ገላውም የታላቅ እኅቴ ነበር። እኅቴ ከዚያ አልተነሣችም።

ወዲያው ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። ከጾሙ መግቢያ ወዲህ ማንጠግቦሽ ጨርቋን አጥባ በጓሮው አጥር ላይ ስታሰጣ አላየሁም። አባቷ እንዳይሰማ ወደ ጓሮ ጠራኋት።

"ለእናትሽ አትዋሺ። የወር አበባሽ ከቀረ ስንት ጊዜው ነው?"

"አልቆጠርሁም።"

"ሰው አግኝቶሻል? ንገሪኝ። አልመታሽም።"

መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ወደ ልቅሶ ዞረ።

"እኔን? ከሩጫ በቀር ማን አግኝቶኝ! ስብ እያቃጠልሁ ነው እማዬ። ከዚያ ይሆናል።"

"ምን?"

"ስብ። ሳልበላ ስሮጥ ሰውነቴ ስቡን ያነዳል። ከበላሁ ግን መጀመሪያ የበላሁትን ያነድና ስቡ ይቀራል። አሠልጣኝ ጌዲዮን ነው ያለን። የቀለለ ሯጭ ያሸንፋል።"

ክንዷን ያዝሁት። አውራ ጣቴና ሌባ ጣቴ ዙሪያውን ገጠሙ።

"የቱ ጋ ነው ስቡ? አሳዪኝ እስቲ ልንካው! ምኑን ነው የምታነጂው?"

"ለምን ትጮሂብኛለሽ? ራስሽ ፈቅደሽ!"

"እኔ?"

"ወረቀት አልጻፍሽም? እናትሽ ፈቅዳለች ብሎኛል።"

"ጽፌያለሁ! እንዳትሮጪ ብዬ ጽፌያለሁ! በገዛ እጄ!"

"አሠልጣኝ አይዋሽም።"

"እና እኔ ነኛ ውሸታሟ!"

ቁርስ ሳትቀምስ ስንቋን አንጠልጥላ ወጣች። ከበሩ ላይ ሆኜ ሳያት ከረጢቱ ከእሷ የከበደ ይመስለኝ ነበር።

የወረቀቱ ነገር እንዲህ ነው። ጥር መጨረሻ ላይ አሠልጣኙ ለወላጆች ደብዳቤ ላከ። ጌዲዮን ማንጠግቦሽና መስከረም ያሉባቸውን አራት ሴት ልጆች ለረጅም ርቀት ያሠለጥናል፤ ክረምት ክረምት ደግሞ ራቅ ብሎ ኮሌጅ ይማራል። ለትምህርቱ አንድ ነገር መመርመር ፈልጎ ነበር። ለሯጮች ተብሎ የሚሠራ፣ በብር ወረቀት የተጠቀለለ ጣፋጭ ብስኩት ከባሕር ዳር አስመጥቷል። ሁለቱ ልጆች ያን በልተው ይሮጣሉ፤ ሁለቱ ሳይበሉ። የበሉት ስብ ማቃጠሉ ይቀርባቸው እንደሆነ እስከ ግንቦት ድረስ እየመዘነ ያያል። በመጨረሻም ከአራቱ ሁለቱን መርጦ ደብረ ታቦር ለውድድር ይወስዳል። ደብዳቤው፣ "ልጅዎ በልታ ትሩጥ ወይስ ሳትበላ? ፈቃድዎን በጽሑፍ ይግለጹልን" ይላል። ይኼን ራሴ አነበብሁት፤ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ።

የሌሎቹ ወላጆች ልጆቻቸው የጻፉላቸው ወረቀት ላይ የጣት አሻራ አሳረፉ። እኔ ግን የጎልማሶች ትምህርት ከገባሁ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖኛል። "ራሴ እጽፋለሁ" አልሁ።

"ኧረ ጣትሽን አሳርፊ!" አለኝ ደምሌ። "ቀለሙ እንደሆነ አንድ ነው።"

"ጣቴ፣ ልጄ ትብላ ማለት ይችላል?"

"ምላስሽ ይበቃው ነበር።"

አስተማሪያችን ጽዮን የአሥረኛ ክፍል ትምህርቷን የጨረሰች የሰፈራችን ልጅ ናት። ዘወትር፣ "ቃሉን ቀስ ብላችሁ በሉት፣ ከዚያ ጆሯችሁ የሰማውን ፊደል በፊደል ጻፉ" ትለናለች። እኔም እንዳለችኝ አደረግሁ። ቃሉን ደጋግሜ አልሁት፤ የሰማሁትን ጻፍሁ። ለጽዮን አላሳየኋትም። በሕይወቴ የጻፍሁት የመጀመሪያው ደብዳቤ ነው፤ የሰው እጅ እንዲገባበት አልወደድሁም። ማንጠግቦሽም እንዳታነበው በሊጥ አሸግሁት። መክሰሷን እንኳ ትታ መሮጥ እንደጀመረች በመስከረም እናት በኩል ሰምቼ ስለነበር፣ ካነበበችው ትቀደዋለች ብዬ ሠጋሁ። የታሸገውን በእጇ ላክሁት።

ሰኞ የደምሌን ወንድም ሞባይል ለምኜ ኔትወርክ ወዳለበት ጉብታ ወጣሁ። ቁጥሩን ከደብዳቤው ላይ እያየሁ መታሁ። አልሠራም። ማክሰኞም ወጣሁ። ረቡዕ ለአንድ አፍታ ተነሣ።

"አሠልጣኝ፣ የማንጠግቦሽ እናት ነኝ። የትናየት። ያን ወረቀት..."

"እትዬ የትናየት! ደብዳቤዎ ደርሶኛል! ልክ እንዳሉት አድርጌያለሁ!"

ተቋረጠ።

ጉብታው ላይ ቁጭ ብዬ፣ ተመስገን አልሁ። እንዳልሁት ካደረገ ልጄን ይመግባታል ማለት ነው። ታዲያ የምትዋሸኝ ማንጤ ናት። ለምን? ይኼን ሳወጣና ሳወርድ ሐሙስ ደረሰ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የመስከረም እናት ዓለምጸሐይ ከአርብ ገበያ ስትመለስ ከማሳችን ዳር ቆመች።

"የትናየት፣ አልሰማሽም? ማንጤ ትናንት ሰልፍ ላይ ወደቀች።"

"ወደቀች?"

"ባንዲራ ሲሰቀል። ተነሥታለች አሁንማ። ነገ የመጨረሻው የመለያ ሩጫ ነው፣ ሃያ ኪሎ ሜትር፤ ወደ ወገዳ በሚወስደው መንገድ አሥር ሄደው አሥር ይመለሳሉ። ልትሮጥ ነው አሉ።"

ደምሌ በሬዎቹን አቁሞ ይሰማ ነበር። ከጎረቤት ጋር በመቀናጆ ስለምናርስ የሁለቱን በሬ ተራ የምናገኘው በዚያ ሳምንት ብቻ ነው። ቢሆንም ጅራፉን ጣለና፣ "እኔ ልሂድ" አለኝ።

"አንተ እረስ" አልሁት። "ደብዳቤውን የጻፍሁ እኔ ነኝ።"

ዓርብ ጎህ ሲቀድ ወጣሁ። በሶውን በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርሁ፤ በፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ያዝሁ። ዓርብ ስለሆነ መንገዱ ገበያተኛ ነው። ሰው፣ አህያ፣ የገብስ ጆንያ። ሁሉንም አልፌ ሄድሁ። አንዲት ሴት፣ "ገበያው አይሸሽሽም እኮ!" ብላ ሳቀችብኝ።

አሠልጣኙን ከከተማው መውጫ ላይ አገኘሁት። ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ሚዛን አስቀምጦ፣ ፊሽካ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ደብተር ይዟል። ከሲታ፣ ገና ጢሙን እንኳ በደንብ ያላበቀለ ወጣት ነው።

"እትዬ የትናየት! እንኳን ደህና መጡ!"

"ልጄ የት አለች?"

"ተነሥተዋል። አርባ ደቂቃ ሆኗቸዋል።"

"በልታ ነው?"

"ኧረ! እንዳሉት ነው እንጂ፤ ሳትበላ።"

ጆሮዬን ጠረጠርሁት።

"አንቱ፣ እኔ ምን አልሁ? ሳትበላትሩጥ አይደለም ያልሁ?"

"አዎን፣ ሳትበላ ትሩጥ።"

"እኮ! ሳትበላትሩጥ!"

"እኮ፣ እኔም እሱን ነው የምልዎት!"

አህያ የሚነዱ ሁለት ገበያተኞች ቆመው ያዩናል። አንዱ፣ "እነዚህ ሰዎች ተስማምተው ነው የሚጣሉት" አለው ለጓደኛው።

አሠልጣኙ ከደብተሩ ውስጥ በፕላስቲክ የተሸፈነ ወረቀት አወጣ። የእኔ ወረቀት ነው፤ የሊጡ ምልክት አለበት። "ለመምህራኑ ሁሉ አሳይቻቸዋለሁ" አለ። "በገዛ እጃቸው የመለሱልኝ እናት እርስዎ ብቻ ነዎት።"

ተቀብዬ አነበብሁ። ጮክ ብዬ አነበብሁት፤ ትክክል ነው። ደግሜ አነበብሁት፤ አሁንም ትክክል ነው። በሦስተኛው ጣቴን በእያንዳንዱ ፊደል ላይ እያሳረፍሁ ሄድሁ። ሳ። ት። በ። ላ። ቀጥሎ ያለው "ት" ነበር። ሩ። ጥ። ከ"ላ" እና ከ"ት" መካከል ባዶ ነው።

"አትሩጥ" ልጽፍ "ትሩጥ" ጽፌያለሁ። ስናገረው "አ" ከ"ላ" ጋር ተዋጠች፤ ጆሮዬ አልሰማትም፤ እጄም አልጻፋትም። ልጄ ሳትበላ ትሩጥ። በእኔ እጅ።

ጌዲዮን ከፊቴ ላይ ነገሩን ሳያነበው አልቀረም። ወረቀቱን ወሰደና አየው። ከንፈሩ ነጣ።

"አትሩጥ... ማለትዎ ነበር?"

"አንተ!" አልሁት። "ፊደል የምታውቅ ሰው! እኔስ ትናንት ነው የቆጠርሁት። የትኛዋ እናት ናት፣ ልጄ ሳትበላ ትሩጥ ብላ የምትጽፍ? ስታነበው አልቀፈፈህም?"

"ቆራጥ እናት ናቸው ብዬ ነው... ደግሞም እኔ ከሩጫ በፊት ብቻ ነው ያልሁ! ቀኑን ሙሉ አትብሉ አላልሁም። ሳትበላ የምትሮጠው ሌላዋ ልጅ ስትመለስ የሁለት ሰው ትበላለች።"

"የኔዋ አትበላም! ሳምንት ሙሉ አትበላም! ትናንት ወዲያ ወድቃለች!"

ጌዲዮን ይኼን አልሰማም ነበር። ማዞሪያው ላይ ወዳቆመው ሰው ደወለ። ኔትወርክ የለም። ስልኩን ኪሱ ውስጥ ከተተና ከብር ወረቀቱ ብስኩት አንድ አንሥቶ ሮጠ። እኔም ተከተልሁት። እሱ ሯጭ ነው፤ ወዲያው ተሰወረብኝ።

እንደዚያ ቀን ሮጬ አላውቅም። በቀሚሴ ጫፍ እየተጠለፍሁ፣ በአህያ መካከል እየተሹለከለክሁ፣ ከፊቴ የሚመጣውን ገበያተኛ ሁሉ ጠየቅሁ።

"ሯጮች አይታችኋል?"

"አይተናል። ሦስት ተከታትለው ይመጣሉ።"

"አራተኛዋስ? ቀይ ካናቴራ የለበሰች?"

"እሷስ አትሮጥም፤ ትንገዳገዳለች።"

ሌላ ሰው ያዝሁ። "ቀይ ካናቴራ?"

"ወይራው ሥር ቁጭ ብላ መሬት ታያለች። ልጅሽ ናት? እግዜር ያውጣሽ እናቴ።"

መስከረም እየሮጠች አጠገቤ ደረሰች። ፊቷ በላብ ተነክሯል። "እትዬ፣ ማንጤ ኋላ ናት! ቁሚ ብላት እምቢ አለችኝ!" ብላ ሳትቆም አለፈች። እሷም መለያዋ ነው፤ አልፈርድባትም።

እየሮጥሁ የማስበው ዘር እህል ነበር። በሰባ ሰባት አባቴ ለዘር ያስቀመጠውን ገብስ ፈትቶ ለእናቴ ሲሰጣት አይቻለሁ። ፈጨችው፤ በላነው፤ ያን ሳምንት ጠገብን። ዝናቡ ሲመጣ ግን የምንዘራው አልነበረም። ማንጤም የምታነደው ስብ አይደለም። የወር አበባዋን ያስቀረው ምን ሆነና? ልጄ ዘሯን እየበላች ነው። ፈቃዱን የሰጠኋት እኔ።

ወይራው ሥር ደረስሁ። ጌዲዮን ተንበርክኮ የተፈታ ብስኩት ወደ አፏ አስጠግቷል። እሷ ጥርሷን ነክሳለች። ፊቷ አመድ መስሏል፤ ላቧ ቀዝቃዛ ነው።

"እምቢ አለች" አለኝ፤ ድምፁ ሊያለቅስ የደረሰ ሰው ድምፅ ነው።

"አታበላሽብኝ" ትለዋለች ምላሷ እየተያያዘ። "አራት ኪሎ ነው የቀረኝ። ከበላሁ ሁሉም ከንቱ ነው። ስንተኛ ነኝ?"

"ማንጤ፣ እኔ ነኝ።"

"እማዬ... አንቺ ደግሞ ምን አመጣሽ?"

በሶውን በጠርሙሱ ክዳን በጠበጥሁት። ግማሹ ፈሰሰ። ወደ ከንፈሯ ሳስጠጋው ፊቷን አዞረች። በግድ ላደርግ ሞከርሁ፤ ተፋችው። ለመንኋት። በጡቴ ለመንኋት። በሞተችው እኅቴ ስም ለመንኋት። ጭንቅላቷን ብቻ ትነቀንቃለች። ዓይኗ ወደ ኋላ ሊዞር ምንም አልቀረውም። ልጄ እጄ ላይ ልትሞትብኝ ነው፤ ለመሞትም የእኔን ፈቃድ ይዛለች።

"ወረቀቱን አምጣው!" አልሁት ጌዲዮንን።

ከደብተሩ አወጣው። ፊቷ ላይ ደቀንሁት።

"ይኼን እይ። እናትሽ የጻፈችው ነው። ተሳስቻለሁ። እዚህ ላይ 'አ' ጎድላለች፣ ይኼውልሽ እዚህ ላይ። አትሩጥ ነው ያልሁ ማንጤ። ሳትበላ አትሩጥ። መጻፍ አልችልበትም። ደንቆሮ ነኝ። ፊደሏን ምላሴ በላቻት።"

ማንጠግቦሽ ወረቀቱን አየችው። ዓይኗ ፊደሎቹ ላይ መቆም አቅቶት ይንሸራተታል። ከዚያ እኔን አየችኝ፤ ጡት ያስጣልኋት ቀን እንዳየችኝ።

"አንቺ ስለፈቀድሽ ነው እኮ የቻልሁት" አለች። "ሁልጊዜ ብዪ ብዪ የምትይ ሰው ሳትበላ ትሩጥ ካልሽ... እናቴም አመነችብኝ ማለት ነው ብዬ ነው። በየቀኑ ይርበኝ ነበር እማዬ። በየቀኑ።"

ክዳኑን እንደገና ሞላሁ። ይኼን ጊዜ አፏን ከፈተች። አንድ ጉንጭ፣ ሁለት ጉንጭ፤ ሦስተኛውን መዋጥ አቃታት። ልትነሣ ሞከረች፤ እግሯ አልያዛትም።

ተሻገር የሚባል ገበያተኛ አህያውን አቆመ። አላውቀውም፤ በኋላ ነው ስሙን የጠየቅሁት። የገብስ ጆንያውን መንገድ ዳር አራገፈና ልጄን አንሥቶ አህያው ላይ አስቀመጠልኝ። "ጆንያህስ?" ብለው፣ "ጆንያ አይራበውም፤ ይጠብቃል" አለኝ። ሁለታችን ግራና ቀኝ ደግፈናት፣ ጌዲዮን አህያውን እየሳበ ገባን። የሚያውቁት ልጆች ሲያዩት እንኳ ፊቱን አልሸፈነም።

ጤና ጣቢያ ግሉኮስ ሰቀሉላት። ነርሷ የክንዷን ጸጉር አየች፤ ስለ ወር አበባዋ በጆሮዋ ጠየቀቻት። ከዚያ ወደ ጌዲዮን ዞረች።

"ስብ ልታቃጥል ነው አልህ?"

"ከሩጫ በፊት ጣፋጭ ከበሉ ስቡ መቃጠሉን ይቀንሳል የሚል አንብቤ ነው።"

"ለዚያች ለሩጫዋ ሰዓት አዎን፣ ቀስ ይል ይሆናል። ግን ሰው የሚከሳውም የሚወፍረውም በአንድ ሩጫ አይደለም፤ በጠቅላላው በሚበላውና በሚሠራው ነው። ይቺ ልጅ ደግሞ የሚቃጠል ስብ የላትም። ጡንቻዋን ነው ስትበላ የከረመችው።"

"ሚዛኑ ግን..." አለና ደብተሩን ገለጠ። "ይኸው፣ በየሩጫው አንድ ኪሎ፣ አንድ ተኩል..."

ያን ጊዜ እኔ ተናገርሁ። "በሬ ሲያርስ ውሎ ሲገባ ጎኑ ይጎደጉዳል። ወንዝ ወርዶ ሲጠጣ ይሞላል። ስቡ የት ሄዶ ነው በአንድ ጊዜ የተመለሰ? ላብ ነው አሠልጣኝ። የመዘኑት ላብ ነው።"

ነርሷ ሳቀች። እሱ አልሳቀም። ደብተሩን ተመለከተና ቀስ ብሎ፣ "የበሉትም ያልበሉትም እኩል ነው የቀነሱት። እኔም ነገሩ አልገባኝም ነበር" አለ። ከኪሱ ያን የተፈታ ብስኩት አውጥቶ አልጋው ጫፍ ላይ አኖረው። ቆርሼ ቀመስሁት። ቴምርና አጃ፣ ማር የመሰለ ነገር ገብቶበታል። ጣፋጭ በሶ ነው። ለዚህ ነው ልጆቹን ለሁለት የከፈላቸው።

መስከረምና አንዲት ሌላ ልጅ ተመርጠው ደብረ ታቦር ሄዱ። ጌዲዮን ቤታችን ድረስ መጥቶ ከደምሌ እግር ሥር ሊወድቅ ሲል ደምሌ ክንዱን ያዘው። "ተነሥ፣ ተነሥ። ወረቀቱ ላይ ያለው እጅ የእኛ ነው" አለው። ይኼን ሲል እኔን አላየኝም። ባያየኝም ሰማሁት።

ማንጠግቦሽ እቤት ተኛች። ያቀረብሁላትን ሁሉ ትበላለች፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ። አንድ ቀን ብቻ፣ "አንቺ ብለሽ ነው ያልበላሁ፤ አሁንም አንቺ ብለሽ እበላለሁ" አለችኝ። ከዚያ በኋላ ለሌላው ሰው ታወራለች፤ ለእኔ አታወራም። ትምህርቴን ተውሁት። ጽዮን መጥታ፣ "ጥፋቱ የኔ ነው እትዬ፤ ጆሮ እንደሚሳሳት አላስተማርኋችሁም" ብትለኝ፣ እርሳስ የያዝሁበትን እጄን ዘርግቼ አሳየኋት። በሐምሌ መጀመሪያ ግን ተመለስሁ። ልጄን የጎዳኋት ባለማወቄ ነው፤ ባላውቅ ይሻለኛል ማለት አልቻልሁም።

በሐምሌ አጋማሽ አንድ ቀን ከትምህርት ስመለስ ዝናቡ ጋብ ብሎ ነበር። ቤቱን ዞሬ ወደ ጓሮ ገባሁ። አጥሩ ላይ፣ ከእሾሁ መካከል፣ በደንብ የታጠበ ትንሽ ጨርቅ ተሰጥቷል። ሌላም ከጎኑ። ቆምሁ። ደብተሬን በደረቴ ይዤ አየሁት፤ ሰው ቢያየኝ ምን ታደርጋለች ይል ነበር። ለማንም አልጮህሁም። እልል ልል ፈለግሁ፤ አፌን በነጠላዬ ያዝሁት።

ደመናው ተመለሰ፤ ጠብታ ፊቴ ላይ አረፈ። ጨርቁን ላነሣ እጄን ሰደድሁና መለስሁት። የእሷ ነው።

ከበሩ በኩል የእግሯን ኮቴ ሰማሁ። ሮጣ ነው የመጣችው።

"እማዬ፣ ዝናብ!" አለችኝ።

እማዬ ካለችኝ ሁለት ወር ከዐሥር ቀን ሆኖ ነበር።